የኔን ስራ እዛ አገር ማን ነው የሚሰራው? የሶሻሊስት ዩቶፒያ ልቦለዶችን እንዴት እንዳነበብኳቸው

ለንደን ነው የምኖረው፣ የምሰራው ኬር ሆም፣ ማለትም የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው፣ በብዛት የሌሊት ሺፍት። ይሄን ቀድሜ የተናገርኩት ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ከስራዬ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ላለፉት ጥቂት አመታት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ስለተሻለ ዓለም የሚያልሙ የቆዩ ልቦለዶችን እያነበብን ነው፣ ገንዘብ የቀረበት፣ ጌታና ሎሌ የሌለበት፣ ሰው ለትርፍ ሳይሆን ለሰው ብሎ የሚሰራበት አገር የሚስሉ መጽሐፎች፣ ሶሻሊስት ዩቶፒያ የሚባሉት። ሰው ሲሰማ ከየት ልጀምር፣ ምን ይጠቅማል፣ አሰልቺ አይደለም ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ ስለዚህ እኔን የጠቀመኝን መንገድ እንዳለ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ግን የኛን ነገር ላንሳ። ሶሻሊዝም ሲባል ለኛ ከመጽሐፍ የመጣ ነገር አይደለም፣ ከቤታችን ነው። አባዬ በ1967 ዓ.ም በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ከዘመቱት ተማሪዎች አንዱ ነው፣ ፊደል ያስቆጠራቸውን ገበሬዎች እስከዛሬ በስማቸው ይጠራቸዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲነገር የነበረውን ደስታ አውርቶ አይጠግብም፣ ጭሰኝነት በአዋጅ ቀረ፣ መሬት ላራሹ እያሉ ሲደበደቡ የነበሩ ልጆች የጮሁለትን ነገር በአይናቸው አዩት። ከዛ ሁለት ሶስት አመት ሳይቆይ ቀይ ሽብር መጣ፣ እነዛው ልጆች ታሰሩ፣ ተገደሉ፣ አስከሬናቸው መንገድ ላይ ተጣለ። አባዬ ስለ ዘመቻው ሲያወራ ፊቱ ይበራል፣ 69 እና 70 ላይ ሲደርስ ወሬ ይቀይራል። እኔ እና እህቶቼ ያደግነው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው፣ «አርፈሽ ተማሪ» እየተባልን። እኔ የዛ ዘመን ሰዎችን አልወቅስም፣ ልጃቸው እንድትተርፍላቸው ነው እንደዛ የሚሉት።

ግን እንዲህ ሆኖ ላደገ ሰው የሚጎድለው ነገር አለ። ምን እንደማይፈልግ አሳምሮ ያውቃል፣ ምን ትፈልጋለህ ብትሉት ግን መልስ ያጣል። ስራ ቦታ እረፍት ሰአት ላይ ሁሌ እናማርራለን፣ ሰው ያንሳል፣ ሺፍቱ ረጅም ነው፣ አዛውንቶቹን ቁጭ ብሎ የሚያናግራቸው ጊዜ የለንም፣ ሁሉም እውነት ነው። አንድ ቀን አንዷ «እሺ እንዴት ቢሆን ነው ጥሩ የሚባለው?» ብላ ጠየቀች፣ ሁላችንም ደሞዝ ቢጨመር አልን፣ ከዛ በላይ አንድም ሰው የሚናገረው አልነበረውም። ደሞዝ መጨመሩ ተገቢ ነው፣ ግን የደሞዙ ነገር ቢፈታ ከዛ ቀጥሎ ምን አይነት ኑሮ ነው የምንፈልገው? እኔ ወደነዚህ መጽሐፎች የሄድኩት ይሄን ጥያቄ ይዤ ነው።

የጀመርኩት በዊሊያም ሞሪስ ነው። ሞሪስ በግድግዳ ወረቀትና በጨርቅ ዲዛይን የሚታወቀው እንግሊዛዊ ነው፣ አበባና ወፍ ያለበት ስራው እስካሁን በየሱቁ ትራስና ቦርሳ ላይ ይሸጣል፣ ሶሻሊስት ሊግ ከሚባለው ድርጅት መሪዎች አንዱ እንደነበር ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ሐመርስሚዝ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ኬልምስኮት ሃውስ የሚባል ቤቱ ዛሬም አለ፣ እሁድ እሁድ እዛ ግቢ ውስጥ ስብሰባና ሌክቸር ይካሄድ ነበር። «ኒውስ ፍሮም ኖዌር» የተባለውን ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1890 በሊጉ ጋዜጣ በኮመንዊል ላይ በተከታታይ ነው ያወጣው፣ ታሪኩም የሚጀምረው እዛው ሰፈር ነው። እኔ በአውቶቡስ የማልፍበት ሰፈር ስለሆነ ይመስለኛል ወዲያው የያዘኝ።

የልቦለዱ ባለታሪክ ከስብሰባ ወጥቶ በምድር ውስጥ ባቡር ተፋፍጎ ቤቱ ይገባና ይተኛል፣ ሲነቃ ብርዱ ቀርቶ ሰኔ ነው፣ ከመቶ አመት በላይ አልፏል። ቴምዝ ጠርቷል፣ ሳልሞን አሳ ይጠመድበታል፣ የሳሙና ፋብሪካው ጭስ የለም። በጀልባ የወሰደውን ልጅ ሊከፍለው ሳንቲም ሲያወጣ ልጁ ግራ ይገባዋል፣ የሚከፈልበትን ምክንያት አያውቀውም። ፓርላማው የፍግ ማከማቻ ሆኗል፣ ትራፋልጋር አደባባይ ላይ አፕሪኮት ተተክሏል፣ ሱቅ ገብቶ ትምባሆ ሲጠይቅ የሚያስተናግዱት ሁለት ልጆች ናቸው፣ የሚያምር የተቀረጸ ፒፓ በነጻ ይሰጡታል። ሰው ሁሉ ስራውን ወዶ ነው የሚሰራው፣ እንዲያውም ስራ ያልቅብናል ብለው ነው የሚሰጉት። ይሄን ከሺፍት ወጥቼ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሳነብ እንባዬ መጣ፣ ያስለቀሰኝ አገሩ ውብ ስለሆነ ሳይሆን እንዲህ ብሎ በዝርዝር መመኘት እንደሚቻል እስከዛ ድረስ አስቤው ስለማላውቅ ነው።

አንድ ገጸ ባህሪ አለ፣ ቦፊን ብለው ይጠሩታል። ወርቅ በወርቅ የሆነ ልብስ ለብሶ ሲመጣ እንግዳው ትልቅ ባለስልጣን ይመስለዋል፣ ስራው ግን ቆሻሻ ማንሳት ነው። እዛ ቦታ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ። የቆሻሻ ሰብሳቢው ክብር እንዲህ ከሆነ የኬረሯስ፣ እንደኔ አዛውንት የምትንከባከበዋስ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ገጽ በገጽ ፈለግኩ፣ የለችም። ሐመንድ የሚባለው ሽማግሌ ከመቶ አመት በላይ ነው ግን አእምሮው እንደ ምላጭ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ታሪክ ያስረዳል፣ የአርባ ሁለት አመቷ ሴት የሃያ አመት ልጅ ትመስላለች። በሞሪስ አገር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰአት ላይ ተነስተው «እናቴ የት ሄደች» ብለው የሚያለቅሱ የዘጠና አመት ሰው የሉም። ሽንት ጨርቅ የሚቀይር የለም፣ ደጋግሞ አንድ ጥያቄ የሚጠየቅ የለም፣ እጅ ይዞ የሚቀመጥ የለም። ሰውየው ስለ ስራ ክብር ይሄን ያህል እያሰበ የኔን ስራ ረስቶታል።

መጀመሪያ ተከፋሁ። ቆይቶ ግን ይሄ ባዶ ቦታ ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠ የሚጠቅም ሆኖ አገኘሁት፣ እኔ የማውቀውና እሱ የማያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ ለማንም ጀማሪ የምለው ይሄን ነው፣ እነዚህን መጽሐፎች ከስራህ ተነስተህ አንብባቸው። ሹፌር ከሆንክ ማን እንደሚነዳ ፈልግ፣ ጽዳት ከሆንሽ ሽንት ቤቱን ማን እንደሚያጸዳ ፈልጊ፣ የልጆች እናት ከሆንሽ ህጻኑ ሌሊት ሲያለቅስ ማን እንደሚነሳ ፈልጊ። ደራሲው ከመለሰ መልሱ ያዋጣል ወይ ብላችሁ መዝኑት፣ ካልመለሰ ደግሞ እዛ ላይ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። እንዲህ ሲነበብ የፍልስፍና ትምህርት የሌለው ሰውም ከማንም እኩል ይከራከራል፣ እኔ ቡድናችን ውስጥ በአይኔ ያየሁት ነው።

ቡድን ያልኩት ትልቅ ነገር አይደለም፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዳችን ቤት ቡና ተፈልቶ የምንሰበሰብ ጥቂት ሰዎች ነን፣ አውቶቡስ የሚነዳ አለ፣ ነርስ አለች፣ ዩኒቨርስቲ የሚማር ወጣት አለ። አንድ ትልቅ ሴትዮም አሉ፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ በቀይ ሽብር ወንድማቸውን ያጡ ናቸው። መጀመሪያ ምን እንደምናነብ ሲሰሙ «እኔ ይሄን ነገር ጠግቤዋለሁ ልጆቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ እሄዳለሁ» አሉ። ማንም አልተጫናቸውም። ተቀምጠው እያዳመጡ ቆዩና ድንገት «እሺ፣ እምቢ ያለውን ሰው ምን ያደርጉታል?» ብለው ጠየቁ። ከዛ ቀን ጀምሮ የቡድናችን ሁለተኛው ጥያቄ ይሄ ሆነ፣ እኔ የኔን ስራ ማን ይሰራዋል እላለሁ፣ እሳቸው እምቢ ያለው ምን ይሆናል ይላሉ፣ በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ያልተፈተነ መጽሐፍ የለም።

የኤድዋርድ ቤላሚ «ሉኪንግ ባክዋርድ» ላይ የእትዬ ጥያቄ ጎልቶ ወጣ። ቤላሚ አሜሪካዊ ነው፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1888 ወጥቶ በመቶ ሺዎች ነው የተሸጠው፣ እሱን ያነበቡ ሰዎች በየከተማው ክለብ እስከማቋቋም ደርሰዋል። የቦስተን ሀብታም ወጣት እ.ኤ.አ. በ1887 ይተኛና በ2000 ይነቃል። አገሩ በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ድርጅት ሆኗል፣ ሁሉም ሰው ከ21 አመቱ እስከ 45 አመቱ ይሰራል፣ ከዛ ጡረታ ነው፣ ድርሻ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው፣ አመታዊ ድርሻህን በካርድ ትጠቀማለህ፣ ክሬዲት ካርድ የሚለውን ስም ራሱ ተጠቅሞበታል። ሰው የሚሸሸው ከባድ ስራ ካለ ሰአቱን ያሳጥሩታል፣ ፈቃደኛ እስኪገኝ ድረስ። ሹፌሩ ጓደኛችን ይሄን ሲሰማ ብድግ አለ፣ የሌሊት አውቶቡስ ሰአቱ አጭር ቢሆን ማን ይጠላዋል አለ። በእውነት ቀላልና ጥሩ ሀሳብ ነው፣ እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው፣ ስራው በከበደ ቁጥር ሰአቱ ይረዝማል።

ቤላሚ ከሞሪስ የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ፣ ለኔ እንደ ኬረር ትልቅ ቦታ ነው። ዓይነ ስውራን፣ ህመምተኞች፣ መስራት የማይችሉ ሰዎች ድርሻቸው ከሌላው ጋር እኩል ነው፣ ያውም እንደ ምጽዋት አይደለም የሚሰጣቸው። ዶክተር ሊት የሚባለው አስረጂ እንዲህ ብሎ ያስረዳል፣ ዛሬ የምናመርተው በጉልበታችን ብቻ አይደለም፣ ካለፈው ትውልድ የወረስነው እውቀትና መሳሪያ ነው የሚበዛው፣ ውርሱ ደግሞ የሁሉም ነው፣ አካሉ የደከመው ወንድማችሁም እኩል ወራሽ ነው። ይሄን ክፍል አማርኛ አድርጌ ለእማዬ በስልክ ነገርኳት፣ «ይሄማ ቃለ እግዚአብሔር ነው» አለች። ስራ ቦታ ሰው «ሸክም ሆንኩባችሁ» ሲለኝ አሁን የምመልሰው ነገር አለኝ፣ ይሄን ህንጻ እናንተ ናችሁ የሰራችሁት፣ መንገዱን እናንተ ናችሁ ያነጠፋችሁት እላቸዋለሁ፣ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ስለ ድሮ ስራው ማውራት ይጀምራል።

የእትዬ ጥያቄ ግን አልቀረም። መስራት እየቻለ እምቢ ያለ ሰው ቤላሚ አገር ውስጥ ለብቻው ይታሰራል፣ እሺ እስኪል ድረስ በዳቦና በውሃ። አንድ አረፍተ ነገር ናት፣ ሳታስተውሉ ልታልፏት ትችላላችሁ። እትዬ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ይሄን አውቀዋለሁ» ነው ያሉት፣ ሌላ አልጨመሩም። ሞሪስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1889 ይሄንኑ መጽሐፍ ተችቶ ጽፏል፣ ሕይወትን እንደ ጦር ሰራዊት ማደራጀቱን አልወደደለትም፣ የራሱን ልቦለድ የጻፈው እንደ መልስ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው፣ ተከታትለው። ለብቻው የተነበበ አንድ ዩቶፒያ ወይ ያፈዛል ወይ ያናድዳል፣ ሁለት ሲሆኑ ግን እርስ በርስ ይከራከራሉ እናንተም መሀል ትገባላችሁ። ሞሪስ አገር እምቢ ያለ ሰው ምንም አይደረግም፣ ሁሉም ድርቆሽ ለማጨድ ሲሄድ አንሄድም ብለው ቤት መስራታቸውን የቀጠሉ ሰዎች አሉ፣ ትንሽ ይቀለድባቸዋል፣ በቃ። እትዬ ይሄኛውን ወደውታል።

ከነዚህ ቀጥሎ የኡርሱላ ለግዊን «ዘ ዲስፖዘስድ»ን ነው የምመክረው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ነው፣ ልክ የኛ አብዮት በፈነዳበት አመት። አናረስ የምትባል ደረቅ ጨረቃ ላይ መንግስት፣ ገንዘብ፣ እስር ቤት የሌለው ማህበረሰብ አለ። ድሃ ናቸው፣ ድርቅ ይመታቸዋል፣ ያላቸውን ግን ይካፈላሉ። ከባዱን ስራ በየአስር ቀኑ አንድ ቀን ሁሉም በተራ ነው የሚሰራው፣ ሳይንቲስቱም ጭምር። ለኔ ጥያቄ እስካሁን ካገኘሁት ጥሩው መልስ ይሄ ነው፣ ግማሽ ቢሆንም። ግማሽ ያልኩት አንድ የደከመ ሰው በየቀኑ አዲስ ፊት ሲመጣበት እንደሚደናገጥ ስለማውቅ ነው፣ አእምሯቸው ለደከመ ሰዎች የሚታወቅ ፊት ማየት መድሃኒት ነው። መንገድ መጥረግ በተራ ይሆናል፣ ሰውን ማጠብ ግን የሚያውቅሽ ሰው ነው የሚፈልገው።

ይሄ መጽሐፍ ለሀበሻ አንባቢ የሚገባው በሌላ በኩል ነው። አናረስ ላይ ህግ የለም ፖሊስ የለም፣ ግን ይሉኝታ አለ። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ቀስ በቀስ ህግ ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ የተለየ ነገር ያሰበ ሰው ማንም ሳያስረው ይታሰራል። ቲሪን የሚባል ልጅ አንድ ቲያትር ጻፈ ተብሎ በሀሜትና በፊት መንሳት ተሰባብሮ መጨረሻው የአእምሮ ህሙማን ማቆያ ይሆናል። ፈረንጅ ጓደኞቼ ይሄን ክፍል ሲያነቡ እንዴት ሊሆን ይችላል ብለው ይጠይቃሉ፣ እኛ ግን ማንም ሳያብራራልን ነው የገባን፣ ነርሷ ጓደኛችን አገር ቤት ስላለ አንድ ዘመዷ ማውራት ጀመረች፣ ያን ቀን ወደ መጽሐፉ ሳንመለስ መሸ። እትዬ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያመኑት ይሄን መጽሐፍ ነው፣ ጉድለቱን ስላልደበቀ።

ለአባዬ ስልክ ደውዬ ስለዚህ ሁሉ ነገርኩት። ብዙ አዳመጠና እንዲህ አለኝ፣ «ልጄ፣ እኛ የተሰጠን መልሱ ተገኝቷል ተብሎ ነው፣ የቀረው መፈጸም ብቻ ነበር።» ያኔ በየእጁ ይዞር የነበረው ትንንሽ ቀይ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ነው፣ የተተረጎመ፣ የሚሸመደድ፣ ጥያቄ ያነሳ ሰው አድሃሪ የሚባልበት። አንድም ቀን ቁጭ ብለን ጠዋት ስንነሳ ምን አይነት ቀን እንዲሆን ነው የምንፈልገው ተባብለን አናውቅም አለኝ። እኔ ልቦለዱን የምመርጠው በዚህ ነው። ልቦለድ ውስጥ ያለ አገር ማንንም አያስገድድም፣ አልተስማማኝም ብለሽ ትዘጊዋለሽ፣ ገጸ ባህሪው ሲዋሽ ትይዢዋለሽ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ሌላ ይጽፋል። የደርግን ዘመን የሚያውቅ ሰው ወይም ከዛ ቤት የወጣ ልጅ እነዚህን መጽሐፎች ለማንበብ ያንን ታሪክ መርሳት የለበትም፣ እንዲያውም ያንን የሚያውቅ ሰው ነው በደንብ የሚያነባቸው።

የአሌክሳንደር ቦግዳኖቭ «ቀይ ኮከብ» እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣ የሩሲያ መጽሐፍ ነው፣ ማርስ ላይ ያለ ሶሻሊዝም ነው የሚያሳየው። የትኛው ስራ ላይ ስንት ሰው እንደጎደለ በሰሌዳ ይታያል፣ ሰውም እያየ በፈቃዱ ወደ ጎደለበት ይሄዳል። ወጣትና ሽማግሌ ደም እየተለዋወጡ ይበረታታሉ፣ ይሄ ልብ ይነካል፣ ደራሲው ራሱ ሐኪም ነበር እና በኋላ ሞስኮ ውስጥ የደም ተቋም መስርቶ እ.ኤ.አ. በ1928 ከአንድ ተማሪ ጋር ደም ተለዋውጦ በዛው ሞተ፣ ተማሪው ተርፏል። ግን እዛው መጽሐፍ ውስጥ ሕይወት የበቃው ሰው ሆስፒታል ሄዶ በሰላም የሚሞትበት ነገር ይዘጋጅለታል፣ ይሄን ሳነብ ብርድ ብርድ አለኝ። ሰው ሕይወት በቃኝ ሲል ብዙ ጊዜ ሰው ርቦት እንደሆነ ሌሊት የሚሰራ ኬረር ሁሉ ያውቃል።

ከሁሉም በላይ ለኔ ስራ የቀረበልኝ የማርጅ ፒየርሲ «ውማን ኦን ዚ ኤጅ ኦፍ ታይም» ነው፣ እ.ኤ.አ. 1976። እዚህ ላይ ህልመኛዋ የተማረች ሀብታም አይደለችም፣ ኮኒ የምትባል ኒውዮርክ ያለች ድሃ ሴት ናት፣ የሜክሲኮ ዘር ያላት፣ ያለፍላጎቷ የአእምሮ ሆስፒታል የተዘጋባት። ከዛ ሆና ነው እ.ኤ.አ. 2137 ላይ ያለ መንደር የምትጎበኘው። እዛ አንዲት ተረት ነጋሪ አሮጊት ትሞታለች፣ ስትሞት ሰዎቿ ከቧት፣ ደጅ፣ ወንዝ ዳር ነው። በነዚህ መጽሐፎች ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት እውነተኛ እርጅናና እውነተኛ ሞት ነው። ስብሰባቸው ረጅም ነው፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ስለ መሬቷና ስለ እንስሳት የሚናገር ተወካይ እንኳ አላቸው። እምቢ ለሚለው ግን፣ ማለትም ሰው ላይ ሁለተኛ ጊዜ ጉዳት ላደረሰ፣ ሞት ነው ፍርዱ፣ እትዬ እዚህ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጽሐፉ የሆስፒታል ክፍሎች ከባድ ናቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ሰው ብቻውን ባያነበው ይሻላል።

አውራ አምባን ያነሳው ወጣቱ ነው። ደቡብ ጎንደር ፎገራ ውስጥ፣ በ1964 ዓ.ም ዙምራ ኑሩ የመሰረተው ማህበረሰብ ነው፣ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል ሴቷ ታርሳለች፣ ስራውን በችሎታ እንጂ በጾታ አይከፍሉም፣ ጧሪ የሌላቸው አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤትም አላቸው። ዙምራ ትምህርት ቤት ገብቶ ቤላሚን አላነበበም፣ በልጅነቱ እናቱ ላይ ያየው ድካም ነው ያነሳሳው። ጎረቤት ጠልቷቸው ነበር፣ በደርግ ዘመን ቀያቸውን ጥለው እስከመሰደድ ደርሰዋል። ወጣቱ «እነሱ አዛውንቱን ያልረሱት ከማድቤት ስለጀመሩ ነው» አለ፣ እኔም እንደዛ ነው የሚመስለኝ። ሞሪስ ከወንዙና ከህንጻው ነው የጀመረው፣ ቤላሚ ከካዝናው ነው የጀመረው።

አሁን መጀመር ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልበል። የሞሪስና የቤላሚ መጽሐፍ የቅጂ መብታቸው ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነጻ ይገኛሉ፣ ሊብሪቮክስ ላይ ደግሞ በድምጽ፣ እኔ የቤላሚን ብዙውን ክፍል ልብስ ስተኩስ ነው የሰማሁት። እንግሊዝኛው ያረጀ ስለሆነ ይከብዳል፣ በተለይ ቤላሚ እንግዳው እየጠየቀ ዶክተሩ ምዕራፍ ሙሉ ሲመልስ፣ እሱን እየዘለላችሁ የገረማችሁ ላይ ቁሙ፣ ማንም ፈተና አይሰጣችሁም። ለንደን ያላችሁ ኬልምስኮት ሃውስ ምድር ቤቱ ትንሽ ሙዚየም ነው፣ የሚከፈተው በተወሰኑ ሰአታት ብቻ ስለሆነ ቀድማችሁ አጣሩ፣ ዎልተምስቶው ያለው የሞሪስ ጋለሪ ደግሞ መግቢያው ነጻ ነው። ብቻችሁን አታንብቡ፣ ከናንተ ጋር የማይስማማ አንድ ሰው ይኑር፣ ከተቻለ በእድሜ የሚበልጣችሁ።

ከዛ ጻፉ። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው፣ የምንኖርበትን መንገድ፣ የምንሰራበትን ቦታ እንዳለ እንወስድና ከሃምሳ አመት በኋላ አንድ ተራ ማክሰኞ ላይ እንነቃለን። ትልቅ አዋጅ አንጽፍም፣ ማን መራን፣ ባንዲራው ምን አይነት ነው አንልም። ጠዋት ማን ቀሰቀሰሽ፣ ቁርስ የት በላሽ፣ ስራ ስንት ሰአት ገባሽ፣ ማን ጋ ቆምሽ፣ ምን ሸተተሽ። ሹፌሩ የጻፈው አውቶቡስ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ሾፌሮች የሚያርፉበት፣ ሻይ የሚፈላበት፣ መስኮት ያለው ቤት ነበረው፣ ሲያነብልን ዛሬ ለምን የለም የሚል ጥያቄ ሁላችንም አእምሮ ውስጥ ገባ። እሱም ስራ ቦታው ለሰራተኛ ማህበሩ ይሄንኑ ይዞ ሄደ፣ ገና እየተነጋገሩበት ነው። ነርሷ አንድ ገጽ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደባት፣ ጥሩ ነገር ስታስብ ይቀራል የሚል ፍርሃት ይይዛታል፣ ፍርሃቱንም ጻፊው አልናት፣ ጻፈችው።

የኔ ኬር ሆም እዛ አገር ውስጥ በሩ አይቆለፍም፣ ከጎኑ የህጻናት መዋያ አለ፣ ቀን ቀን ልጆቹ እየገቡ እየወጡ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በሳምንት ጥቂት ሰአት ይመጣል፣ ምግብ ማቅረቡ፣ ማጠቡ፣ ማጫወቱ የሁሉም ነው፣ ግን እያንዳንዱ አዛውንት የሚያውቃቸው ሁለት ሶስት ቋሚ ሰው አላቸው፣ ይሄን ከአናረስ ተምሬ ያሻሻልኩት ነው። ሰአታችን አጭር ነው፣ ይሄ ከቤላሚ ነው። እምቢ ያለ ሰው አይመጣም፣ ምንም አይደረግም፣ እትዬ ይሄን መስመር በእጃቸው ነው ያስጻፉኝ። ያልፈታሁት ሌሊቱን ነው። ቀን የሚመጣው ሰው ሁሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰአት ላይ ይመጣል ወይ? ወጣቱ ሌሊት የሚሰራ ሰው ሁለት ቀን ይረፍ ይላል፣ ሹፌሩ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ጡረተኞች አሉ፣ እነሱ ይምጡ ይላል፣ እትዬ ደግሞ «እኔ እመጣለሁ፣ ድሮም አልተኛም» አሉ። በሚቀጥለው እሁድ የእትዬን ሌሊት ልንጽፍ ነው፣ ምን እንደሚበሉ፣ ማን መኪና እንደሚልክላቸው፣ ጠዋት ማን እንደሚተካቸው።